የእርሾ ምግብ ምንድን ነው?

በቅርቡ ቤቴ ውስጥ ጠጅ ልጥል ሞከርኩ። ጌሾ አልነበረኝም። ማሩ ከሱቅ የተገዛ፣ ተጣርቶ መስታወት የመሰለ ነው። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ በጠበጥኩና የዳቦ እርሾ ነሰነስኩበት። በማግስቱ አረፋው ኩፍ አለ። በአምስተኛው ቀን ግን ጭጭ። ክዳኑን ስከፍተው የገማ እንቁላል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቀመስኩት፤ ገና ማር ማር ይላል። እርሾው ስኳሩን ሳይጨርስ ደክሟል።

ስኳር ሞልቶ ተርፎ እንዴት ይደክማል? ምግብ አጥሮት ነው።

እዚህ ላይ እርሾ የምለው ለእንጀራ ከቡኮው ላይ የምንቀዳውን ውሃ አይደለም። ዳቦውን የሚነፋውን፣ የጠጁንና የቢራውን አልኮል የሚሰራውን ባለ አንድ ሴል ፍጡር ነው። በሳይንስ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሰርቪዚዬ ይባላል። የእርሾ ምግብ የሚባለው ደግሞ ይህ ፍጡር ከስኳር ሌላ ለማደግና ለመራባት የሚፈልገው ነገር ነው። ቫይታሚንም አለበት፤ ዋናዎቹ ግን አሚኖ አሲዶችና ማዕድናት ናቸው።

ስኳር ማገዶ ነው። ማገዶ ብቻ ይዞ ወጥ አይሰራም። አንዲት የእርሾ ሴል ሲመቻት በ90 ደቂቃ አካባቢ ከጎኗ እንደ ቡቃያ ልጅ ታወጣለች። ልጅቷ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ፕሮቲን የሚሰራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው፤ ሁሉም ውስጣቸው ናይትሮጅን አለ። ስኳር ውስጥ ደግሞ ናይትሮጅን የሚባል ነገር የለም።

ይህን ቀድሞ በግልጽ ያሳየው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመው ጥናት እርሾን ያሳደገው በሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ ንጹህ ስኳር፣ የአሞኒያ ጨውና የተቃጠለ እርሾ አመድ። አሞኒያው ናይትሮጅን ነው። አመዱ ማዕድን ነው። እኔ ይህን የአመድ ነገር ሳነብ በጣም ገረመኝ። እርሾው ተቃጥሎ የቀረው ብናኝ ለሌላው እርሾ ስንቅ ሆነ ማለት ነው።

እርሾ ከአሞኒያና ከስኳር ተነስቶ ሁሉንም አሚኖ አሲድ ራሱ መስራት ይችላል። ግን ይለፋል። የተዘጋጀ አሚኖ አሲድ ካገኘ ቶሎ ያድጋል። ሲበላም ይመርጣል፤ እንደ አስፓራጂንና ግሉታሚን ያሉትን አስቀድሞ ይወስዳል፣ ፕሮሊንን እስከ መጨረሻው አይነካም።

የማር ችግር እዚህ ጋ ነው። ማር ሲጀመር ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። ካለችው ጥቂት አሚኖ አሲድ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የያዘው ያው ፕሮሊን ነው። እርሾ ፕሮሊንን ለመጠቀም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ወዲያው ያልቃል። ወይን ጠማቂዎች በአንድ ሊትር ቢያንስ 140 ሚሊግራም ያህል እርሾ ሊበላው የሚችል ናይትሮጅን እንዲኖር ይፈልጋሉ። የተጣራ ማር በውሃ ተበጥብጦ እዚያ አይደርስም።

የእንቁላሉ ሽታም ከዚሁ የመጣ ነው። እርሾ ሲስቲንና ሜቲዮኒን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች ለመስራት ድኝ ያዘጋጃል። ናይትሮጅን ሲያጣ ግን የሚያያይዝበት የለውም። ያዘጋጀው ድኝ በጋዝ መልክ ያመልጣል።

ደግነቱ መልካም ሽታም ከአሚኖ አሲድ ይመጣል። ጀርመናዊው ኬሚስት ፌሊክስ ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳሳየው እርሾ ከአሚኖ አሲዱ ናይትሮጅኑን ወስዶ የተረፈውን ወደ አልኮል ይቀይረዋል። ከሉሲን የሚወጣው ኋላ ላይ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ይሆናል። ከፌኒልአላኒን የሚወጣው ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል።

ማዕድናቱ ከእነዚህ በጣም ያነሰ መጠን ነው የሚፈለጉት፤ ካልተገኙ ግን ሥራው ይቆማል። ሴሉ ጉልበቱን የሚያዘዋውርበት ኤቲፒ ያለ ማግኒዥየም አይሰራም። ዚንክ አልኮሉን በመጨረሻ የሚሰራው ኢንዛይም ልብ ውስጥ ተቀምጧል። ቢራ ጠማቂዎች በሊትር ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊግራም ዚንክ ይበቃል ይላሉ፤ ኢምንት ነው። ግን ብዙው ዚንክ ከብቅሉ አተላ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ያቺም ትጠፋለች። መዳብ ደግሞ በጥቂቱ የግድ ነው፣ ሲበዛ መርዝ ነው። መዳብ ሲረጭባቸው በኖሩ የወይን እርሻዎች ያሉ እርሾዎች መዳብን አፍኖ የሚይዝ ፕሮቲን የሚሰራውን ጂን ደጋግመው ይዘው ይገኛሉ።

አሚኖ አሲዶቹና ማዕድናቱ እርስ በርስም ይነካካሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን አሳይቷል። እርሾ ትርፍ ሲስቲንን የሚያጠራቅምበት ቫኪዩል የተባለ ጓዳ አለው። ሴሉ ሲያረጅ ጓዳው አሲድነቱን ያጣል፣ ሲስቲኑም ከጓዳው ውጭ በሴሉ ውስጥ ይከማቻል። ይሄኔ ሴሉ ብረት እንደልቡ ማግኘት ያቅተዋል፣ ጉልበት የሚያመነጭለት ማይቶኮንድሪያ የተባለው ክፍሉም ይዳከማል። አሚኖ አሲዱ ሲበዛ ብረቱ አጠረ ማለት ነው።

ሁለተኛውን ስጥል ከነሰፈፉ ያለ ማር ፈልጌ አመጣሁ፤ እሱ ውስጥ የአበባ ዱቄት አለ፣ የአበባ ዱቄት ደግሞ ፕሮቲን አለው። ግማሽ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በውሃ አፍልቼ ገድዬ ጨመርኩበት፤ የሞተ እርሾ ለሕያው እርሾ አሚኖ አሲዱንም ዚንኩንም ይዞለት ይመጣል። ይህን ያደረግኩት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ አልኮሉ ከበዛ በኋላ እርሾው አሚኖ አሲድ መቀበል ያቅተዋል። አየር እንዲያገኝም ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ አማሰልኩት። በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ከፈትኩት። አሁንም ይንተከተካል፤ የሚሸተውም ማር ነው።