ሀብል ገዝቶ «ቆጠብኩ» ማለት

«ገንዘቤን ሀብል ገዝቼ ቆጠብኩት።»

ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። በወርቅ ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁ። አባቴም አንጥረኛ ነበር። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሰው ይህንኑ ይነግረኛል፣ እኔም በሳምንት ሦስት ጊዜ ያንኑ መልስ እሰጣለሁ።

ሰዉ ለምን ወደ ወርቅ እንደሚሮጥ ይገባኛል። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ በየጊዜው ይጨምራል። የባንክ ወለድ አይደርስበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያን ጊዜ በእጁ ብር ብቻ የነበረው ሰው ተጎዳ፣ ወርቅ የነበረው ተረፈ። ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ወርቅ ሌላ፣ ጌጥ ሌላ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት መጡ። ከመሀረብ ፈትተው አንድ ሀብል፣ አንድ ጥንድ ጉትቻና አንድ ቀለበት አስቀመጡ። ልጃቸው ልታገባ ነው። «ወርቅ እጥፍ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ። ሀብሉን የገዙበትን ገንዘብ በሁለት አባዝተው ድግሱን አስበውበታል። ድንኳኑ ሳይቀር ታስቧል።

ሀብሉ ላይ ትልልቅ ቀይ ድንጋዮች ነበሩበት። 12 ግራም ተብሎ የተሸጠላቸው ከነድንጋዩ ተመዝኖ ነው። ድንጋዮቹን ነቅዬ ስመዝነው 9.5 ግራም ሆነ። ድንጋይ ያልኩት ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ በወርቅ ዋጋ ገዝተዋል ማለት ነው። የቀረው 9.5 ግራም ደግሞ 18 ካራት ነው። ከ24 እጅ 18ቱ ብቻ ወርቅ፣ ሌላው መዳብና ብር። ንጹሕ ወርቁ ከ7 ግራም ትንሽ ይበልጣል። እጥፍ የሆነው ይህ 7 ግራም ብቻ ነው። «እትዬ፣ ከገዙበት ይበልጣል፣ ግን እጥፍ አይሆንም» ስላቸው ዝም ብለው መሀረቡን አጣጠፉት። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም ብል ይቀላል።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ በደንብ ላስረዳ። ለቀመር እንዲመች የንጹሕ ወርቅ ግራም 10,000 ብር ነው እንበል። የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ ለምሳሌ ያህል ነው። 10 ግራም ባለ 18 ካራት ሀብል ገዛችሁ። ውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ 7.5 ግራም፣ 75,000 ብር። አንጥረኛው ለደከመበት የእጅ ዋጋ 8,000 ብር፣ ሱቁ የሚይዘው ትርፍ 5,000 ብር ይሁን። 88,000 ብር ከፍላችሁ ወጣችሁ። በማግስቱ ቸግሯችሁ ብትመልሱት ገዢው የእጅ ዋጋ አይከፍላችሁም። የሌላ ሱቅ ትርፍም አይከፍላችሁም። እሱ የሚያየው የሚቀልጠውን ብቻ ነው። ከ75,000ው ላይ ለማቅለጫና ለራሱ 3 በመቶ ቢይዝ 72,750 ብር ይሰጣችኋል። በአንድ ሌሊት 15,250 ብር ሄደ። ከከፈላችሁት ጋር ለመገናኘት ወርቅ ወደ 21 በመቶ መጨመር አለበት። ትርፍ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

አሁን ያንኑ 10 ግራም ባለ 21 ካራት ልሙጥ ቀለበት አድርጉት። ድንጋይ የለውም፣ የተወሳሰበ ሥራ የለውም። ንጹሕ ወርቁ 8.75 ግራም፣ 87,500 ብር። የእጅ ዋጋው 2,000 ብር ቢሆን፣ የሱቁ ትርፍ ያው 5,000። 94,500 ብር ትከፍላላችሁ። ስትሸጡ 84,875 ብር ታገኛላችሁ። ወርቅ ወደ 11 በመቶ ሲጨምር ተመለሰላችሁ ማለት ነው። በአንድ ሚዛን ላይ 10 ግራም የሚሉ ሁለት ዕቃዎች ይህን ያህል ይራራቃሉ።

በቅኔ ሰምና ወርቅ የሚባለው ከእኛ ሙያ የተወሰደ ነው። ቅርጹን በሰም እንሠራለን፣ በጭቃ እንሸፍነዋለን፣ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። የሀብላችሁ አበባና ቅጠል፣ ጥልፉ፣ ድንጋዩ፣ ለሽያጭ በመጣችሁ ቀን እንደ ሰሙ ነው። ወርቁን ብቻ ነው የምንገዛችሁ።

ጌጥ አትግዙ አላልኩም። እኔ የምበላው ከጌጥ ነው። ለሙሽራ፣ ለክርስትና፣ ለራሳችሁ ደስታ ግዙ። የሚያምር ነገር ዋጋ አለው፣ ያንን ለብሳችሁ ታገኙታላችሁ። ለቁጠባ ከሆነ ግን ካራቱ ከፍ ያለ፣ ልሙጥ፣ ድፍን የሆነ ነገር ምረጡ። ውስጡ ባዶ የሆነ ወፍራም ሰንሰለት ለዓይን ይሞላል፣ አንዴ ከተጨፈለቀ ግን ጥገናው ራሱ ወጪ ነው። ደግሞ በተጠገነ ቁጥር ማበየጃ ይገባበታል። ማበየጃው ብዙ ጊዜ ካራቱ ዝቅ ያለ ነው፣ የሀብሉንም ካራት ይዞት ይወርዳል።

ለሌሎቹ የምሰማቸው አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«ነክሼው ጥርሴ ገባ፣ ወርቅ ነው።» እርሳስም ጥርስ ያስገባል።

«ማግኔት አልሳበውም።» መዳብንም፣ ነሐስንም፣ ብርንም ማግኔት አይስብም። ማግኔት ከሳበው ጥርጣሬ ነው፣ ካልሳበው ግን ምንም አልተረጋገጠም።

«750 የሚል ማህተም አለው።» 750 ማለት ከሺህ 750 እጅ ወርቅ፣ 18 ካራት ነው። 875 ባለ 21፣ 916 ባለ 22 ነው። ማህተሙን መቀጥቀጥ ግን ማንም ይችላል። ነሐስ ላይ 750 ተመትቶ አይቻለሁ። በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ፣ ወይም በማሽን ይታይ።

«ቀዩ ወርቅ ከቢጫው ይበልጣል።» ቀይ ያደረገው መዳቡ ነው። ካራቱ እኩል ከሆነ ወርቁም እኩል ነው።

«የዱባይ ወርቅ ሌላ ነው።» ወርቅ ከእኛው አገር ከለገደምቢ ማዕድን ወጣ፣ ከደቡብ አፍሪካ ወጣ፣ ያው ወርቅ ነው። ልዩነቱ ካራቱ ላይ ነው። በዓረብ አገር ሱቆች 21 እና 22 ካራት በብዛት ይሸጣል፣ ስለዚህ ከዚያ የመጣው ደመቅ ይላል። ከጅዳ የተመለሰች አንዲት እህት ባለ 21 ካራት አምባሯን «ፋሽኑ አልፏል» ብላ እዚህ በባለ 18 ካራት ልትለውጥ መጣች። ግራም በግራም! ስንት ዓመት በሰው ቤት ደክማ ያመጣችው ነው። ቁጭ አድርጌ በወረቀት አሳየኋት። አምባሩን መልሳ አጠለቀችው።

በሁለተኛ ደረጃ የማስቀምጠው ስህተት «ወርቅ አይወርድም» የሚለው ነው። ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንድ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም፣ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። በ1999 ወደ 250 ዶላር ገደማ ወርዷል። ሃያ ዓመት ገደማ! በመስከረም 2011 ወደ 1,900 ዶላር ወጣ፣ በታኅሣሥ 2015 ደግሞ 1,050 አካባቢ ነበር። ያን የ1,900ውን ዋጋ መልሶ ያለፈው በ2020 ነው።

«እሱ በዶላር ነው፣ በብር አይወርድም» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ በብር እንየው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዶላሩ 17 ብር ገደማ፣ በ2015 መጨረሻ 21 ብር ገደማ ነበር። አባዙት። ከ32,000 ብር በላይ የነበረው አውንስ ወደ 22,000 ብር ወርዷል። ብር በዚያ ጊዜ ውስጥ ረክሶ እንኳን ወርቁ በብር ሲሶውን አጥቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አንድ አውንስ 4,000 ዶላር ሲያልፍ ሱቃችን በገዢ ተሞላ። ዋጋው ዝቅ ባለበት ዘመን ግን ዝንብ ነበር የምናባርረው። ሰው ሲወደድ ይገዛል፣ ሲረክስ ፈርቶ ይሸጣል። ይህን ስንት ጊዜ አየሁ።

ስለዚህ ቢያንስ አምስት ዓመት የማትነኩት ገንዘብ ካልሆነ ወርቅ አትግዙበት። አንድ አባት የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በሰኔ ወርቅ አደረገው፣ ለመስከረም ሊሸጠው። በሦስት ወር ውስጥ የእጅ ዋጋውና የሱቅ ትርፉ በሉበት። ከሁሉ የከፋኝ ግን የስፌት ማሽኗን ሸጣ ሀብል የገዛችው ልብስ ሰፊ ነች። ማሽኑ በየቀኑ እንጀራ ያበላት ነበር። ወርቅ እኮ አይወልድም። ሳጥን ውስጥ ስንት ዓመት ቢቀመጥ 10 ግራሙ 10 ግራም ነው። የሚሠራ ዕቃ ያለው ሰው ዕቃውን ሸጦ ወርቅ ሲገዛ ሳይ ያንገበግበኛል።

ስለ ብርም ይጠይቁኛል፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው። «ብርም እንደ ወርቅ ነው» ይላሉ። ብር ከወርቅ ይልቅ ይዋዥቃል። አንድ ግራም ወርቅ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እንኳ ከ30 ግራም ብር ገደማ እስከ 120 ግራም ብር ድረስ አውጥቷል። በቤት ውስጥ ቁም ነገር የሚሆን ሀብት በብር ለማስቀመጥ በኪሎ ማሰብ ሊኖርባችሁ ነው።

ከዚሁ ጋር የማርትሬዛ፣ የዚያ የድሮ የብር ሳንቲም ነገር አለ። ከአያት የተወረሰ ማርትሬዛ ይዘው ይመጣሉ። «1780 ይላል፣ ከ240 ዓመት በላይ ነው፣ ሚሊዮን ያወጣል ተብያለሁ።» ሳንቲሙ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የተመታው፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ነጋዴን ጨምሮ ሰዉ ሌላ መልክ ያለውን አልቀበልም ይል ነበር። በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷል፣ አብዛኛው የእኛ አያቶች ዘመን ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ከሺህ 833 እጅ ብር። ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም አካባቢ ይሆናል። ዋጋው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኔ ግን አትሽጡት እላለሁ። ገንዘባችንን «ብር» ያሰኘን ይህን የመሰለ ማዕድን ነው፣ ከአያት እጅ የተላለፈ ከሆነ ለልጅ ይተላለፍ።

በመንገድ ላይ ቀርቦ «ከማዕድን ቦታ የመጣ ጥሬ ወርቅ አለኝ፣ በግማሽ ዋጋ» የሚላችሁን ሰው አታናግሩት። ያለ ፈቃድ ጥሬ ወርቅ መግዛትም መሸጥም በሕግ ክልክል ነው። ባህላዊ አምራቾች ወርቃቸውን የሚገዛቸው ብሔራዊ ባንክ አለላቸው፣ በግማሽ ዋጋ ለእናንተ የሚሰጡበት ምክንያት የለም። ተታሎ የነሐስ ብናኝ ይዞ የመጣ ሰው ፊት ማየት በጣም ከባድ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ድንጋዩ ሳይቆጠር ግራሙ ስንት ነው? ካራቱ ስንት ነው? የእጅ ዋጋው ለብቻው ስንት ነው? ሦስቱም ደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ይስፈሩ። ደግሞ ሳትከፍሉ በፊት «ይህንኑ ነገ ብመልስላችሁ በስንት ትገዙኛላችሁ?» በሉ። ሻጩ የሚሰጣችሁን ቁጥር ከዋጋው ላይ ቀንሱት፣ የቀረው ገና ከሱቁ ሳትወጡ የምታጡት ነው። ቁጥር ካልሰጣችሁ ወይም ደረሰኙ ላይ አልጽፍም ካለ፣ ቀጥሎ ያለው ወርቅ ቤት ግቡ።