ሱባኤ፦ ከእንጀራ በላይ የሚራብ ልብ

የዓመት ፈቃዳቸውን ለነሐሴ መጀመሪያ የሚያስቀምጡ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አሉ። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሊዝናኑ አይደለም። ጋቢና የጸሎት መጽሐፍ ይይዙና ወደ ገዳም ይወጣሉ። ሱባኤ ሊገቡ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ ማለት ምእመኑ ከዕለት ኑሮው ገለል ብሎ በጾም፣ በጸሎትና በስግደት ከፈጣሪው ጋር የሚቆይበት ጊዜ ነው። ቀኑ በሰባት ይቆጠራል፦ አንድ ሱባኤ 7 ቀን፣ ሁለት ሱባኤ 14 ቀን እያለ ይቀጥላል። አባቶች የግል፣ የማኅበርና የአዋጅ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። የግሉ በር ተዘግቶ በስውር የሚያዝ ነው። የማኅበሩ አብረው ለሚቆሙ ነው። የአዋጁ ደግሞ አገር ሲጨነቅ ለሁሉም ይታወጃል።

ከሁሉም በላይ ሕዝቡ የሚወደው የፍልሰታው ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፣ በ16 ይፈሰካል። ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾሙታል። መነሻው በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንዲህ ይነገራል። እመቤታችን በጥር 21 ዐረፈች። ሥጋዋ በገነት በዕፀ ሕይወት ሥር መኖሩን ሐዋርያት ከዮሐንስ ሰሙ፣ ሊያዩም ጓጉ። ከነሐሴ 1 ጀምረው ሁለት ሱባኤ ያዙ። በ14 ሥጋዋን ተቀብለው በጌቴሴማኒ ቀበሩ። በ16 ተነሥታ ስታርግ ያያት ግን ቶማስ ብቻ ነበር። የተገነዘችበትን ሰበን ይዞ መጥቶ አሳያቸው። የቀሩት በዓመቱ «ቶማስ አይቶ እኛ እንዴት ይቀርብናል» ብለው እንደገና ጾሙ፣ ልመናቸውም ተሰማ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ልመናቸው ነው። ሹመትም ሀብትም አልጠየቁም። የናፈቁት ማየትን ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችን ሱባኤ የምንገባው ረጅም ዝርዝር ይዘን ነው፦ ሥራ፣ ትዳር፣ ቪዛ፣ የልጅ ውጤት። ይህን መለመን ነውር የለውም። ጌታም ለተራቡት እንጀራ አበርክቷል፣ የዕለት እንጀራችንን እንድንለምንም አስተምሮናል። ግን በዲያብሎስ በተፈተነ ጊዜ «ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም» ያለውም እሱ ነው። ደመወዙ ተሟልቶ፣ ቤቱ ተሠርቶ፣ ውስጡ ባዶ የሆነበት ሰው የዚህን ቃል ክብደት ያውቀዋል። ሱባኤ ለእንዲህ ያለው ረሃብ ነው ብዬ አምናለሁ። ዝርዝሩ ከተመለሰልን ተመስገን፣ ካልተመለሰም ሱባኤው ከንቱ አልሆነም።

ገዳም የገባ ሰው ውሎ ቀላል አይደለም። ነሐሴ ክረምት ነው፣ ዝናቡም ብርዱም አለ። መኝታው መሬት ላይ የተነጠፈ ሰሌን ነው። ሌሊት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የደረሱት የሌሊት ጸሎት፣ ሰዓታት፣ ይቆማል፣ ማለዳ ኪዳን የሚባለው የጠዋት ጸሎት ይደርሳል። የውዳሴ ማርያምና የቅዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፣ እስከዚያ ምንም አይቀመስም። ከዚያ ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም በሶ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት ደብረ ሊባኖስ እና በተራራ ላይ ያለው የዝቋላ ገዳም ብዙ ሰው ከሚሄድባቸው ውስጥ ናቸው።

ግን ዝም ብሎ ተነሥቶ አይገባም። አስቀድሞ የንስሐ አባትን ማማከር ያስፈልጋል። የተጣላ ይታረቃል፣ የሰው ገንዘብ የያዘ ይመልሳል። ከምሳና ከቁርስ የተረፈው ለነዳያን ይሰጣል። ይሄኛው ክፍል ሲዘለል አያለሁ፣ ያሳዝነኛልም። ጎረቤቱን ያኮረፈ ሰው ሰባት ቀን ቢሰግድ ምን ይረባዋል?

ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንደ አቅማቸው ይቀልላቸዋል፣ ልኩን የሚወስነው የንስሐ አባታቸው ነው። ፈቃድ ያላገኘ ሠራተኛ ደግሞ በአጥቢያው ያስቀድሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖችም ቀኑን ሥራ ላይ ውለው ማታ ውዳሴ ማርያማቸውን ያደርሳሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው ይቆርባሉ።