የቁራ አደን ከቤተሰብ ጋር፦ የወቅቱ መጀመሪያ በአሜሪካ

ቁራ ይታደናል ሲባል የሚገረም ሰው ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የታወቀ አደን ነው፣ ደንብም አለው። ቁራ በ1972 ከሜክሲኮ ጋር በተደረገው የስደተኛ ወፎች ስምምነት ጥበቃ ውስጥ ገባ። በፌዴራል ደንቡ መሠረት አንድ ግዛት በዓመት ከ124 ቀን በላይ ማስታደን አይችልም፤ ወፎቹ በብዛት ጎጆ ሠርተው በሚፈለፍሉበት ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። ኒውዮርክ ቀኖቹን ከሴፕቴምበር 1 እስከ ማርች 31 ዘርግታ አደኑን ከዓርብ እስከ ሰኞ ብቻ ትፈቅዳለች። ቅዳሜና እሁድ ልጆች እቤት ስለሆኑ ይሄ ለቤተሰብ በጣም ይመቻል።

የአደን ወቅቱ መጀመሪያ ላይ መውጣት የሚሻለው በዚያ ዓመት በተፈለፈሉት ጫጩቶች ምክንያት ነው። ገና ተኩስ አያውቁም፣ ሲጠሯቸው ይመጣሉ። የወደቀውን ቁራ አንስታችሁ ምንቃሩን ከፈት አድርጉት፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ የዘንድሮ ነው፣ የትልቁ ጥቁር ነው። ልጆች ይህችን ነገር አንዴ ካዩ አይረሷትም። ቁራ ራሱም በቤተሰብ የሚኖር ወፍ ነው፤ ያለፉት ዓመታት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ቆይተው ታናናሾቻቸውን ይመግባሉ። አንዱ ሲጮህ ሌሎቹ ተግተልትለው የሚመጡት ለዚህ ነው።

አደኑ የሚሠራው በዚሁ ጠባያቸው ነው። ትልቁ ባለ ቀንድ ጉጉት ሌሊት ቁራ ስለሚበላ፣ ቀን ላይ ካገኙት ተሰብስበው ያዋክቡታል። አዳኞች የፕላስቲክ ጉጉት እንጨት ላይ ይሰቅሉና ዙሪያውን የውሸት ቁራዎች ያስቀምጣሉ። ከዚያ ቅጠል ውስጥ ተደብቆ የቁራ ድምፅ የሚያወጣውን ፊሽካ መንፋት ነው፣ ቋ ቋ ቋ፣ ፈጠን ተናደድ እያሉ። እንደኔ ከሆነ ልጅ መጀመሪያ መያዝ ያለበት ፊሽካውን ነው። ቁራ ዓይኑ ስለታም ስለሆነ የሚያብረቀርቅ ፊትና የሚወዛወዝ እጅ ወዲያው ያያል፤ ኮፍያና ጓንት የግድ ነው።

የሚተኮሰው እንክብል በሚበትን ሾትጋን ነው። ልጅ ሲተኩስ አጠገቡ ያለው አዋቂ እጁ ባዶ ይሁን፣ ዓይኑም ልጁ ላይ ይሁን። የጆሮ መከለያና መነጽር ለሁሉም ያስፈልጋል፣ ለማይተኩሰውም ጭምር። ዝቅ ብሎ በሰዎች አቅጣጫ የሚበር ቁራን በአፈሙዝ መከተል ፈጽሞ አይፈቀድም፣ ይለፍ።

አንድ ቦታ ላይ ብዙ መቆየት አያዋጣም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭንብል አድርገው ጥቂት ቁራዎችን ከያዙ በኋላ፣ ቁራዎቹ ያንን ጭንብል ባዩ ቁጥር ለዓመታት ይጮሁበት ነበር። የተረፉት ስለሚያስታውሱ፣ ሁለት ሦስት ጥሪ ከሠራ በኋላ የወደቀውን ሁሉ ለቅሞ፣ ባዶ ቀለሁን አንስቶ ወደ ሌላ እርሻ መሻገር ነው።