ጥሩምባው ሲነፋ፦ በወሎ የጥንት ቤተ እምነት በእሳት ሲያያዝ

ወሎ ገጠር አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲቃጠል ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። የእሳት አደጋ መኪና ያለው ከተማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሪታ፣ ቀጥሎ የቅሬ ጥሩምባ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎዬ ቅሬ ይለዋል። ለቀብር የሚጠራው ቅሬ ለእሳትም ይጠራል፤ ያኔ ግን ሁሉም በሩጫ ነው።

መነሻው ትንሽ ነገር ነው። ጧፍ ወድቆ መጋረጃ ይይዛል። ከጽና ፍም ይፈናጠራል። መብረቅም አለ። በጋ ላይ የደረቀ የሰንበሌጥ ክዳን ደግሞ ሰበብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ታቦቱን የሚያወጣው ካህን ነው፤ ምእመን የቱንም ያህል ቢጨነቅ አይነካውም። ዲያቆናቱ ብራናውንና መስቀሉን ያሸሻሉ። መስጊድ ከሆነ ቁርአኑና ኪታቡ ይቀድማል። ውጭ ያለው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል፣ ጣራው ላይ ነው። የሣር ክዳን በውሃ ብቻ አይጠፋም፤ ላዩ ሲረጥብ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። መላው ያልተያዘውን ሣር ቀድሞ መግፈፍ ነው። ከታች ሴቶቹ ውሃ ይቀባበላሉ፤ ድሮ በእንስራ፣ ዛሬ በቢጫ ጀሪካን።

ማንም ያላዳናቸውም አሉ። አፄ ናዖድ አስጀምረው አፄ ልብነ ድንግል ያስጨረሱት መካነ ሥላሴ በ1524 ዓ.ም. በኢማም አህመድ ጦር ተቃጠለ። ግድግዳው በወርቅና በብር ያጌጠ ነበር። አትሮንሰ ማርያምም በዚያው ዘመቻ ነደደች። የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ግን ንብረቱን አስረክበው ሕንፃውን ከእሳት እንዳተረፉ የኢማሙ ዜና ጸሐፊ ጽፏል። የላሊበላ ውቅሮች ከድንጋይ ስለሆኑ ይህ ስጋት እምብዛም አይነካቸውም።

ቃጠሎው ሲበርድ ታቦቱ መቃኞ ይገባል። መቃኞ ዋናው ሕንፃ እስኪሠራ የሚቆም ጊዜያዊ ማደሪያ ነው። ከዚያ ደቦ ይጠራል። ሙስሊሙ ለቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ይሸከማል፣ ክርስቲያኑ ለመስጊዱ እንጨት ያመጣል፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወሬም አይሆንም።

አዲሱ ክዳን አሁን ቆርቆሮ ነው። ውበቱን አጠፋው ከሚሉት አንዱ እኔ ነኝ። ግን ከውጭ የሚመጣ ብልጭታ አይዘውም። ከሥሩ ያለው ወራጅና መጋረጃ ግን ያው ነው፤ ጧፉም እንደበራ ነው።