ጡት ከማስተለቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ የስሜት ለውጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስሜት» የሚለው የአማርኛ ቃል የልብንም የቆዳንም ነገር ስለሚያመለክት፣ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያስተለቀች ሴት «ስሜቴ ተለውጧል» ስትል ሰሚው ስለ ጸጸት ወይም ስለ ደስታ የምታወራ ሊመስለው ይችላል። እዚህ የተነሣው የቆዳው ስሜት ነው፤ ማለትም መነካትን፣ ሙቀትን፣ ቅዝቃዜንና ሕመምን መለየት። የሲሊኮን ኢምፕላንት፣ ማለትም ጡትን ለማስተለቅ ከውስጥ የሚቀመጥ ለስላሳ ከረጢት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ጡት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት ሂዩስተን ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መጠንና ስለ ቅርጽ ብዙ ሲነገር ስለ ስሜት የሚነገረው ግን በሹክሹክታ ስለ ሆነ፣ ቦታውን ግምት ይዞታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ኢምፕላንት የገባበት ጡት ደንዝዞ ይቀራል።

እውነታው፦ የጡትን ጫፍና በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ቆዳ የሚያገለግሉት ነርቮች በጎድን አጥንቶች መካከል፣ በተለይም ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ባለው ክፍል፣ ከጎንና ከደረት መሐል የሚወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። ሐኪሙ ለኢምፕላንቱ ቦታ ሲከፍት እነዚህ ነርቮች ሊለጠጡ፣ ሊጨቆኑ ወይም ሊቆረጡ ይችላሉ፤ ሦስቱም አንድ አይደሉም። የተለጠጠ ነርቭ ለጊዜው መልእክት ማስተላለፉን ያቆምና በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይነቃል። ውስጣዊ ክሩ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ እንደ አዲስ ማደግ ስላለበት፣ ዕድገቱም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ለወራት መጠበቅ ግድ ይላል። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ሴቶች ለውጡ ጊዜያዊ ቢሆንም ለአንዳንዶች ዘላቂ ነው፤ የአንዲት ሴት ቀኝና ግራ ጡት በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ መጠን መመለሱም የተለመደ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የስሜት ለውጥ ማለት መደንዘዝ ነው።

እውነታው፦ ተቃራኒውም አለ። አንዳንዷ ሴት የጡቷ ጫፍ ከልክ በላይ ንቁ ሆኖባት ቀጭን ሸሚዝ እንኳ ሲነካት ትሳቀቃለች፤ ሌላዋ እንደ ኤሌክትሪክ ድንገት ሽው የሚል ውጋት ይመጣባታል። አማርኛችን በዚህ በኩል ሀብታም ነው፤ ይደነዝዘኛል፣ ይወረኛል፣ ይቆጠቁጠኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ያቃጥለኛል የሚሉት እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ነገር ይናገራሉ፤ ለሐኪም «ያመኛል» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ትክክለኛውን ቃል መምረጥ ይጠቅማል። መውረርና ድንገተኛ ውጋት ብዙውን ጊዜ ነርቩ እየነቃ መሆኑን ያሳያሉ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ጠባሳው ከጡት ጫፍ ከራቀ ነርቭ አይነካም።

እውነታው፦ በእኔ አስተያየት ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ዓይን የሚያየው ጠባሳውን ነውና። የጡትን ጫፍ በዋናነት የሚያገለግለው አራተኛው የጎን ቅርንጫፍ በደረት ጡንቻው የውጭ ጠርዝ በኩል ይወጣል፤ በአብዛኞቹ ሴቶች በጡንቻው ሽፋን ላይ ጥቂት ተጉዞ፣ የጡቱን ሥጋ ከሥር ወደ ላይ ሰንጥቆ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ለኢምፕላንቱ የሚከፈተው ኪስም የሚዘረጋው እዚያው ነው። ስለዚህ ቆዳው የሚቆረጠው ከጡት ሥር ባለው እጥፋት፣ በጠቆረው ቆዳ ዳር ወይም በብብት ቢሆንም፣ ኪሱ ወደ ጎን ምን ያህል እንደ ተስፋፋና ኢምፕላንቱ ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ መጠየቅ ይበልጥ ያስፈልጋል። ኢምፕላንቱ በገዘፈ ቁጥር ነርቩም ቆዳውም አብረው ይለጠጣሉ። «ከጡንቻ ሥር ስለሚገባ ስሜት አይጠፋም» የሚለውም ዋስትና አይሆንም፤ ነርቩ የሚወጣው ከዚያው ጡንቻ ጠርዝ አጠገብ ነውና። በብብት በኩል ከተገባ ደግሞ ሌላ ነርቭ ይነካና የላይኛው ክንድ የውስጥ ገጽ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ሴትየዋ ጡቷን ስታስተውል ክንዷ ያስደነግጣታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ኢምፕላንቱ ከወጣ ስሜቱ ይመለሳል።

እውነታው፦ የነርቩ መለጠጥ ሊቀንስ ይችላል፤ የተቆረጠ ነርቭ ግን ኢምፕላንቱ ስለ ወጣ ብቻ አይቀጠልም። ማስወጣቱም ራሱ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ጫፉ የደነዘዘ ጡት አያጠባም።

እውነታው፦ ነገሩ መሠረት የለሽ አይደለም። ሕፃኑ ሲጠባ ከጡት ጫፍ የሚነሣው የነርቭ መልእክት ወደ አንጎል ሄዶ ወተት የሚያመነጨውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን እና ወተቱን የሚያወርደውን ኦክሲቶሲንን ያስለቅቃል፤ መልእክቱ ከደከመ የወተቱ መጠን ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም ኢምፕላንት ያላቸው ብዙ ሴቶች ያጠባሉ። ወተቱ እንዲወርድ የሚያደርገው መጠባት ብቻ አለመሆኑን ሕፃኗ ሲያለቅስ ቀሚሷ የሚረጥብባት እናት ሁሉ ታውቃለች። በጠቆረው ቆዳ ዳር መቆረጡ ግን የወተት ቱቦዎችንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ ወደፊት መውለድ የምታስብ ሴት ይህን አስቀድማ ልታነሣው ይገባል። ጫፏ የደነዘዘ እናት ሕፃኑ አጎራረሱን ሲያበላሽ አትሰማውም፤ ስለዚህ ቁስለትና ስንጥቅ መኖሩን በዓይኗ እያየች መከታተል አለባት።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የማያመው ቆዳ አይጎዳም።

እውነታው፦ ይበልጥ ይጎዳል እንጂ። የሞቀ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ወይም የጋለ ጨርቅ በደነዘዘ ጡት ላይ ሲቀመጥ «በቃ» የሚል ሕመም ስለማይመጣ ቆዳው ሳይታወቅ ይቃጠላል፤ በረዶም በቀጥታ ከተቀመጠ እንዲሁ ነው። ስሜቱ እስኪመለስ ድረስ ሙቀቱ መሞከር ያለበት በእጅ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሕመምም የዚያው ቀዶ ሕክምና ርዝራዥ ነው።

እውነታው፦ ተረጋግቶ በቆየ ጡት ላይ አዲስ ሕመም፣ መጠጠር ወይም እብጠት ከመጣ መመርመር አለበት። ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚሠራው የጠባሳ ሽፋን ተኮማትሮ ሊጨቁነው ይችላል፤ እብጠቱም አልፎ አልፎ ከኢምፕላንት ጋር የተያያዘ፣ ብዙ የማያጋጥም ሊምፎማ የተባለ የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ታካሚዋም አንብባ የምትፈርምበት ዝርዝር እንዲቀርብላት አዝዟል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የቆዳና የጡት ጫፍ ስሜት መለወጥ ወይም መጥፋት በግልጽ ተጠቅሷል። በሌላ በኩል የሲሊኮን ኢምፕላንት ሲቀደድ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም። በዚህ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያው የአልትራሳውንድ ወይም የኤምአርአይ ምርመራ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ዓመት፣ ቀጣዩም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ እንዲደረግ ይመክራል፤ ምንም የማይሰማት ሴትም ብትሆን።