ጎጃም ውስጥ ልጅን ለትምህርት ቤት ማልበስ፦ መንግሥት የት ድረስ ይረዳል?

ቁርጡን አስቀድመን እንናገር። ጎጃም ውስጥ ለወላጅ «ይኸው የልጅህ ዩኒፎርም መግዣ» ብሎ በየዓመቱ ብር የሚሰጥ ቋሚ የመንግሥት ፕሮግራም የለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል መማርን ከክፍያ ነፃ አድርጓል። ነፃ የሆነው ግን ማስተማሩ ነው። ዩኒፎርሙም ጫማውም ደብተሩም ከወላጅ ኪስ ነው የሚወጣው። ድጋፍ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም፤ አለ፣ ግን የተበታተነ ነው፤ ትንሽ ከቀበሌ፣ ትንሽ ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ፣ ትንሽ ከበጎ ፈቃደኞች እየተለቃቀመ የሚመጣ፣ አንዳንድ ዓመትም ድምፁ የማይሰማ ነው።

«የጤፍ አገር ሰው ለአንድ ሸሚዝ ምን ያስጨንቀዋል?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ ወሩ ነው። መስከረም ላይ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው፤ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ጎተራው ተሟጦ፣ የማዳበሪያው ብር ወጥቶ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው በሚመጡበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ወላጅ እጁ ላይ ያለውን ይሸጣል። በግ ያለው ለበዓል ገበያ በግ ያወጣል፣ የሌለው ዶሮና እንቁላል ይዞ ይሄዳል፣ ባሕር ዛፍ ያለው አጣና ያስቆርጣል፤ አዊ በኩል በተለይ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስለው ብዙ ነው። ምንም የሚሸጥ የሌለው ይበደራል፣ አለዚያም ልጁን «ትንሽ ቆይተህ ትገባለህ» ይለዋል።

በጳጉሜን ገበያ ልብስ ሰፊው ጋ ቆም ብሎ ማየት ነው። እናት ቴትሮኑን በክንድ አስለክታ ትገዛለች፣ ልጁን ከስፌት መኪናው ፊት ታቆመዋለች። ሰፊው ሲለካ እሷ «ሰፋ አርገው፣ ያድግበታል» ትላለች። የሱሪው ጫፍ ወደ ውስጥ ደህና ተደርጎ ይታጠፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይተረተርና ይለቀቃል፣ የድሮው እጥፋት መስመሩ እየታየ። ከዚያ ወደ ታናሽ ይወርዳል። ለቤት የሚለበሰው ከሰልባጅ ተራ ተመርጦ ይገዛል፣ ዩኒፎርም ግን ቀለሙ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ እዚያ አይገኝም። ገጠር ላይ ብዙ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ያን ያህል አያጠብቅም፤ ከተማ ላይ ግን በር ላይ መመለስ አለ። ለእኔ ይሄ ነገር ፈጽሞ አይገባኝም፤ መማር ነፃ ነው ተብሎ ልጅን በሸሚዝ ቀለም መመለስ ምን የሚሉት ነው?

ድጋፍ የሚፈልግ ሰው የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። ወላጅ አልባ ልጅ የሚያሳድጉ፣ አካል ጉዳተኛ ያለባቸው፣ «የደሃ ደሃ» ተብለው የተለዩ ቤተሰቦች ስማቸው ይያዛል፣ የድጋፍ ደብዳቤም ይጻፍላቸዋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ፤ መምህራን ከደመወዛቸው አዋጥተው ልጅ የሚያለብሱበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ ይላክ ነበር፤ እሱ ግን ለትምህርት ቤቱ ሥራ እንጂ ለልጁ ልብስ አይደለም። በክረምት በጎ ፈቃድ ዘመቻ ወጣቱ ደብተር፣ እስክርቢቶና ልብስ ያሰባስባል። ጥሩ ነገር ነው፤ ርክክቡ ላይ ባለሥልጣን ሲበዛና ፎቶው ሲረዝም ግን ያስቃል።

የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች የሚከፍለው ልማታዊ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጎጃም ትርፍ አምራች ስለሚባል አብዛኛው ወረዳ አልተካተተም። ባለባቸው ወረዳዎችም ቢሆን የማኅበረሰብ ሥራው ክፍያ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። መስከረም ሲመጣ ያ ብር ተበልቷል።

ጎጃም ላይ በደንብ የተፈተሸ ነገር ቢኖር «ብርሃነ ሔዋን» የሚባለው ፕሮግራም ነው። በ1996 ዓ.ም. ይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ ላይ ሴት ልጆችን ከለጋ ዕድሜ ጋብቻ ለመታደግ ተጀመረ፤ ከክልሉ ወጣቶች ቢሮ ጋር የተሠራ ነው። ለሴት ልጆች የትምህርት ቁሳቁስ ተሰጠ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ላቆዩ ቤተሰቦች ደግሞ በግ ወይም ፍየል። ውጤቱ ሲታይ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ እኩዮቻቸው ይልቅ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ብሎ፣ የመዳር ዕድላቸው እጅግ ቀንሶ ተገኘ። «ደብተር ገዝቶ መስጠት ምን ይለውጣል» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማደል ጀምራለች። ጎጃም ላይ ያለ ወላጅ ይህን በቴሌቪዥን ያያል፣ «እኛስ?» ይላል። ልክ ነው፤ ግን የከተማዋ በጀትና የአንድ ገጠር ወረዳ በጀት አይወዳደሩም። ባሕር ማዶ ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው። አየርላንድ ለልብስና ለጫማ ተብሎ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በልጅ ቁጥር ገንዘብ ይሰጣል፣ ብዙዎችም ማመልከቻ ሳያስገቡ ይደርሳቸዋል። ፈረንሳይ ተመሳሳዩን ትምህርት ሳይከፈት በፊት በነሐሴ አካባቢ ትከፍላለች። እኔን የሚያስቀናኝ የገንዘቡ መጠን ሳይሆን ቀኑ ነው። እዚህ ወረዳው ያለችውን ትንሽ ድጋፍ እንኳ ነሐሴ ላይ ቢያደርሳት፣ እናትየው በጓን በጥድፊያ ዋጋ አትሸጥም ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት ደግሞ ጎጃም ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በተከፈቱባቸው ከተሞች ከገጠር ሸሽተው የመጡ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ስማቸው ያለው በትውልድ ቀበሌያቸው መዝገብ ነው። አዲሱ ቀበሌ «ከመጣህበት ደብዳቤ አምጣ» ይላል፣ የመጡበት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሥራ አቁሟል። ልብስ የሚሰጥ ቢገኝ እንኳ መጀመሪያ ከዝርዝሩ የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዳንድ ርዕሰ መምህራን ደብዳቤውን ትተው በአካባቢው ሰው ምስክርነት ብቻ እየመዘገቡ ነው።