«ኮንፋውንዲንግ ባይ ኢንዲኬሽን» ምንድን ነው?

ሁለት ሰዎች ጭንቅላታቸውን ተመትተው በአንድ ሌሊት ሆስፒታል ገቡ እንበል። አንዱ ሲጠሩት ዓይኑን ይገልጣል፤ ሲቲ ስካኑም የሚያሳየው ስስ የደም ሽፋን ብቻ ነው። ሌላው ቢቆነጥጡትም አይነቃም። የአንድ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ባትሪ ሲበራበት አይጠብም፤ የፈሰሰው ደም አንጎሉን ወደ ጎን ገፍቶታል። ሐኪሙ ሁለተኛውን ይዞ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይሮጣል። ሰውየው ቢሞት መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የሞተ» የሚል ነው።

እንዲህ ያለውን መዝገብ ሰብስቦ የሚቆጥር ተመራማሪ ቀዶ ሕክምና ሰው ይገድላል ሊል ይችላል። ለቀዶ ሕክምናው ያበቃው የጉዳቱ ክብደት ራሱ ለሞት የሚያበቃ መሆኑን ስቶታል። የቃሉ ትርጉም ይኸው ነው፦ ሕክምናው የታዘዘበት ምክንያት ከሕክምናው ውጤት ጋር ሲደባለቅ። ስህተቱ በተቃራኒውም ይሠራል። ተስፋ የተቆረጠባቸው ሳይቀደዱ ሲሞቱ፣ ቀዶ ሕክምናው ከሚገባው በላይ ያማረ ይመስላል።

ዕድሜን፣ የንቃት ደረጃንና የብሌንን ሁኔታ በስሌት ማስተካከል ይረዳል፤ ግን ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ ያልጻፈውን ማንም አያሰላውም።

ዋናው መድኃኒት ዕጣ ነው፦ ማን ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግለት ሐኪሙ ሳይሆን ዕጣው ይወስናል። ዕጣም ቢሆን ሰዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ያታልላል። በ2011 የታተመው ዴክራ የተባለ ጥናት፣ የአንጎል ግፊት ለማርገብ የራስ ቅል አጥንት ማንሳትን በ155 ሰዎች ላይ ፈተነ። ከስድስት ወር በኋላ ቀዶ ሕክምና የደረሳቸው ብሰው ተገኙ። ዳሩ ግን ሲጀመርም ሁለቱም ብሌኖቻቸው ለብርሃን የማይመልሱ ሰዎች በቀዶ ሕክምናው ወገን ከመቶ 27፣ በሌላው ከመቶ 12 ነበሩ። ይህ ሲስተካከል ልዩነቱ አስተማማኝነቱን አጣ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ሌላው መንገድ ነው። አንዳንድ ሆስፒታል ለመቅደድ ይቸኩላል፣ አንዳንዱ ቆይቶ ያያል። ተጎጂው የትኛው ጋ እንደሚደርስ ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው አደጋው የደረሰበት ቦታ ነው፤ አምቡላንስ የሐኪሞችን ልማድ ጠይቆ አይነዳም። ስለዚህ ልማዱ እንደ ዕጣ ያገለግላል፦ ታካሚ ከታካሚ ሳይሆን ሆስፒታል ከሆስፒታል ይነጻጸራል። የአውሮፓው ሴንተር-ቲቢአይ ጥናት ከአንጎል ሽፋን ሥር ደም የፈሰሰባቸውን 1,407 ሰዎች በዚህ መንገድ አየ። በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ለመቅደድ የሚያደሉት ሆስፒታሎች ታካሚዎች ከሌሎቹ የተሻለ አላገገሙም።

ይህ ግን የሚሠራው ሐኪሞች በሚለያዩበት ታካሚ ላይ ብቻ ነው። ያ ብሌኑ የሰፋው ሰውዬ በሁሉም ሆስፒታል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባ ከሆነ፣ ጥናቱ ስለ እሱ የሚለው ነገር የለም።